በሁለት ቅርንጫፍ ላይ የተገኘው ዓሣ

ቁጡ ነኝ። ይህን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከራሴ አፍ ብትሰሙት ይሻላል። እናቴ በአገውኛ ስትቆጣኝ ከበርበሬ ጋር ታመሳስለኛለች። ጥሊሊ ከተማ ሳስተምራቸው የነበሩ ልጆች ደግሞ ከኋላዬ ምን ብለው እንደሚጠሩኝ አውቃለሁ፤ እዚህ አልጽፈውም። ዛሬ የማጫውታችሁ ትክክለኛው ቁጣዬ የተሳሳተ ሰው ላይ ስለወረደበት ሳምንት ነው። አሁንም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል። ግማሹ ንዴት በራሴ ላይ ነው፤ ሌላውን ግማሽ ለማን እንዳስቀመጥኩት ስታነቡ ታገኙታላችሁ።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ላስቀድም። ስሜ ስመኝ ነው። ጥሊሊ ስድስት ዓመት ባዮሎጂ ካስተማርኩ በኋላ ሁለተኛ ዲግሪዬን ልማር እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ለመመረቂያ ጽሑፍ የደረሰኝ ርዕስ የአንድ የባሕር ዓሣን የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንብቦ ዝምድናውን ማጥናት ነበር። ማይቶኮንድሪያ በሕዋስ ውስጥ ኃይል የሚያመርት ትንሽ ነገር ነው። የራሱ አጭር ዲኤንኤ አለው፤ እሱም ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። የዓሣው ከዐሥራ ስድስት ሺህ ፊደል ትንሽ ይበልጣል። ያንን ከሌሎች ዓሦች ጋር ፊደል በፊደል ያስተያየ ሰው ማን ለማን እንደሚቀርብ የሚያሳይ የዘር ዛፍ ይሥላል። ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ለሚኖረው አባቴ ያስረዳሁት «ሰው ከመጋባቱ በፊት ዝምድናውን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥር የለ? እኔም ለዓሣ እቆጥራለሁ» ብዬ ነው። አባቴ ትንሽ አሰበና «ዓሣው ሊያገባ ነው?» አለኝ።

አባቴስ ይቀልድ። ሌላው ሰው ግን ጨጓራዬን ላጠው። ባጃጅ ስሳፈር፣ ፎቶ ኮፒ ላስነሳ ስገባ፣ ስብሰባ ላይ፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ፦ «ባሕር የሌለን ሰዎች የባሕር ዓሣ ምን ያደርግልናል?» ጨረቃን የሚያጠና ሰው ጨረቃ ላይ ቤት አለው ወይ ብዬ እመልስና ፊቴን አዙሬ እሄድ ነበር።

ዓሣውን ያገኘሁት በዳንግላው ሐጂ ኢብራሂም በኩል ነው። ሐጂ ባለ ሸቀጥ ሱቅ ናቸው፤ አባቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ድንቹን የሚያስረክበው ለእሳቸው ነው። ልጃቸው ጀማል የጭነት መኪና ይነዳል፣ ከጅቡቲ ማዳበሪያ ያመጣል። አንዲት ብልቃጥ ንጹሕ አልኮል ሞልቼ ሰጠሁትና ወደብ ላይ ሐሙር ከሚሉት አፈ ሰፊ ዓሣ ቁራጭ ሥጋ ቆርጦ እንዲከትልኝ ለመንኩት። ከዐሥራ አምስት ቀን በኋላ ብልቃጧን መለሰልኝ። ሥጋው አለ፤ አልኮሉ የለም። በምትኩ እስከ አፏ ድረስ ጨው ተጠቅጥቆባታል። «አልኮሉ መንገድ ላይ ፈሰሰ» አለኝ። ያን ቀንም ተቆጥቼ ነበር፤ ነገር ግን ጨውም ሥጋ ያቆያል፣ ሥራውም ሠራልኝ፣ ረሳሁት።

አሁን ወደ ሰኔው ሳምንት ልውሰዳችሁ። ጽሑፌን ለኮሚቴ የማቀርበው አርብ ነው። ዲፓርትመንቱ ውስጥ አንድ የመምህርነት ቦታ ተጠብቆልኛል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ዲግሪውን ካላቀረብኩ ለሌላ ይሰጣል። ወደ ጥሊሊ ላለመመለስ፣ ቤት ተከራይቼ እናቴን ከተማ አምጥቼ ላሳክማት፣ ሁሉን ያንጠለጠልኩት በዚያች አርብ ላይ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ዝናቡ ይወርዳል፣ እኔ ላፕቶፔ ላይ አቀርቅሬያለሁ። እስከዚያ ቀን የሠራሁት ዛፍ ፊደሎቹን በሙሉ ባንድ ላይ አያይዞ የተሣለ ነበር። በእሱ ላይ ዓሣዬ ከማንም ሳይጠጋ፣ ረጅም ቅርንጫፍ ላይ ብቻውን ቆሟል። አማካሪዬ በዚህ ደስታውን አልቻለውም፤ «አዲስ ነገር» እያለ ለሰው ሁሉ ያወራ ነበር። እኔ ደግሞ ለኮሚቴው ላሳምር ብዬ በዲኤንኤው ላይ ላለ ለእያንዳንዱ ዘረመል፣ ማለት ጂን፣ ለብቻው ዛፍ ልሥል ጀመርኩ። የመጀመሪያው ወጣ፤ ዓሣዬ ከባሕር ዘመዶቹ መካከል ተቀምጧል። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛውም እንደዚያው። ስምንተኛው ላይ ስደርስ ዓሣዬ ከባሕሩ ወጥቶ ከቆሮሶ ጎን ተቀምጦ አገኘሁት። አዎ፣ ከባሕር ዳር በበረዶ እየመጣ የምንጠብሰው የጣናው ቆሮሶ።

ፕሮግራሙን ዘግቼ እንደገና ከፈትኩት። ያው ነው። ቀጣዩም ያው፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለውም ያው። እነዚያ ዘረመሎች ሁሉ ጎን ለጎን ያሉ፣ ከአንድ ቁራጭ የመጡ ናቸው። ረጅሙን ዲኤንኤ ባንዴ ማንበብ ስለማይቻል በአራት ቁራጭ እያባዛሁ ነበር ያስነበብኩት። ሦስተኛውን ቁራጭ ለብቻው አውጥቼ ከቆሮሶ ጋር ሳስተያየው ፊደል በፊደል ገጠመ ማለት ይቻላል። ሁለት ዓመት የደከምኩበት ዓሣ ሦስት አራተኛው የቀይ ባሕር፣ አንድ አራተኛው የጣና ነው። እንደዚህ ያለ ፍጡር እግዜር አልፈጠረም። ብቻውን የቆመው ለዚህ ነበር።

ደግሞ ያሳበደኝ ምን መሰላችሁ? ምልክቱን ከወራት በፊት አይቼዋለሁ። የቁራጮቹ ጫፍና ጫፍ ሲደራረብ መመሳሰል ሲገባው አልተመሳሰለም ነበር። አማካሪዬን ጠየቅሁት። «የማሽን ስህተት ነው፤ አስተካክለሽ እለፊው» አለኝ። አስተካክዬ አለፍኩት።

ወደ ቢሮው ሮጥኩ። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ ለመጻፍ ግን እጄ እምቢ ብሎኛል። ሁለቱን ዛፎች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ረጅም ሰዓት አየና መነጽሩን አወለቀ።

«ይህን ማን አየ?»

«እርስዎና እኔ ነን፣ ዶክተር።»

«ጥሩ። አርብ የምታሳዪው የድሮውን ዛፍ ነው።»

«የድሮው እኮ ውሸት ነው። የዓሣው አንድ አራተኛ ሌላ ዓሣ ነው።»

«ስመኝ፣ ኮሚቴው ውስጥ ይህን መርምሮ የሚያገኝ ሰው የለም። ቦታሽን ታገኛለሽ፣ እኔም ጽሑፉን አሳትማለሁ። ምን ቸገረሽ? ዓሣው መጥቶ አይከስሽም።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ እንዲህ አለኝ። እዚያው ልጮህበት ይገባኝ ነበር። አልጮህኩም። ጽሑፌ የሚያልፈው በእሱ ፊርማ ነው፣ ቦታዬም በእጁ ነው። እናንተም ታውቁት እንደሆነ፣ ወደ ላይ ያልወጣ ቁጣ ወደ ታች መሄጃ ይፈልጋል። የእኔ ከቢሮው ደጃፍ ሳይርቅ መሄጃውን አገኘ፦ ያ ጨው። ጀማል ዓሣ የተነከረበት አሮጌ ጨው አንሥቶ ሞልቶብኛል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ስልክ ብደውል አይሠራም፤ ኔትወርክ የለም። ሚኒባስ ተሳፈርኩና ወደ ዳንግላ ሄድኩ። አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ ሾፌሩ ሰው ሊሞላ ቆመ፤ እሱም ላይ ጮህኩበት። ከጎኔ የተቀመጠች ሴትዮ «አይዞሽ፣ ሐዘን ነው?» አለችኝ። «ዓሣ ነው» አልኳት። ትንሽ ራቅ አለች።

ሱቁ ሰው ሞልቶበታል። ጀማል ከመንገድ ገብቶ አርፎ ኖሮ ለአባቱ ስኳር ይመዝናል። ሰላምታ አልሰጠሁም።

«ጨዉን ከየት ነው ያመጣኸው?»

ቀና ብሎ አየኝ። «የቱን ጨው?»

«ብልቃጡ ውስጥ የሞላኸውን ነዋ! ሁለት ዓመት ልፋቴን ነው የቀበርከው። ሰው አምኖ ዕቃ ቢሰጥህ እንዲህ ታደርጋለህ? አልኮሉ ፈሰሰ አልከኝ፤ ብልቃጥ ተዘግቶ እንዴት ይፈሳል? ውሸታም!»

የጀማል ፊት ደም መሰለ። የሱቁ ሰው ሁሉ ዞሮ እሱን ያየዋል።

«አልፈሰሰም» አለ ቀስ ብሎ። «ደፋሁት። አልኮል ነው፣ እኔ አልኮል አልይዝም፤ እንቢ እንዳልልሽ ደግሞ የአባትሽ ልጅ ነሽ። ዓሣ አጥማጆቹን ብጠይቃቸው ሥጋ በጨው ይቆያል አሉኝ። ጨዉን ከሱቅ አዲስ እሽግ ገዝቼ ነው የሞላሁት። ዋሽቻለሁ፤ እሱን ጥፋቴን አምናለሁ።»

ያንን ስሰማ ልበርድ ሲገባኝ ባሰብኝ። ለምን እንደሆነ አሁንም አላውቅም። «አዲስ ይሁን አሮጌ በምን አውቃለሁ? አንዴ የዋሸ...» ብዬ ስቀጥል ሐጂ ኢብራሂም ከባንኮኒው ኋላ ተነሡ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ልጄ፣ ተቀላቀለ የምትይው ዓሣ የምን ዓሣ ነው?»

«ቆሮሶ ነው፣ ሐጂ። የጣና።»

«የጣና?»

«አዎ።»

«ጅቡቲ ወደብ ላይ የጣና ዓሣ ማን ይሸጣል?»

እግዜር ያሳያችሁ፤ ባዮሎጂ ለስምንት ዓመት አስተምሬያለሁ፣ ተምሬያለሁ፤ ይህችን ጥያቄ ግን ራሴን አልጠየቅሁም። አማካሪዬም አልጠየቀም። የጣና ቆሮሶ የሚበላው ወደብ ላይ ሳይሆን እዚህ፣ እንጅባራም ጭምር ነው። እንጅባራ ውስጥ ደግሞ የዓሣዬን ሥጋ የቆረጠ ሰው አንድ ብቻ ነው።

እዚያው ቆሜ መቀሱ ትዝ አለኝ። እኛ ላብራቶሪ ጠረጴዛ ላይ የተተወ ዕቃ አያድርም፤ ጧት ብትመጡ የለም፤ ማንም አልወሰደም። ስለዚህ ሁላችንም የየራሳችንን መቀስና ወረንጦ በቦርሳ ይዘን ወደ ቤት እንሄዳለን። ታኅሣሥ ላይ፣ በገና ጾም፣ ቆሮሶ ገዝቼ ገባሁ። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለቄሶቹ ትቼዋለሁ።) የቤቱ ቢላ ደነዝ ነው። መቀሱን ከቦርሳዬ አወጣሁና ክንፉን ቆረጥኩ፣ ሆዱን ሠነጠቅሁ። በሳሙና አጠብኩት፣ የፈላ ውሃ አፈሰስኩበት፣ በማግሥቱ በአልኮል ወልውዬ ለሦስተኛው ቁራጭ የሚሆነውን የሐሙሩን ሥጋ ቆረጥኩበት። ለእኔ ንጹሕ ነበር። ለዲኤንኤ ማባዣው ግን ንጹሕ የሚባለው ሌላ ነው፤ እሱ ቅንጣት የምታክል ቅሪት ካገኘ ያበዛል፣ የማን ናት ብሎ አይጠይቅም።

ይቅርታ ማለት የነበረብኝ ያኔ ነው። ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ጀማል አንገቱን ደፍቶ ቆሞ። አላልኩም። «እሺ» ብዬ ወጣሁ። እሺ! የምን እሺ? ቤቴ እስክገባ ድረስ በዚያች ቃል ራሴን ስቀጠቅጥ መጣሁ።

ሐሙስ ጠዋት አማካሪዬ ዘንድ ገባሁና መቀሱን ነገርኩት። የሚደነግጥ መስሎኝ ነበር። ሣቀ።

«በይ እንግዲህ፣ መቀሱን ወርውሪው፣ አለቀ። ለማንም አትንገሪ።»

«ዶክተር፣ ያንን ቁራጭ እንደገና ብሠራው ይስተካከላል። ሥጋው አለኝ። ጥቂት ወር ብቻ ነው።»

«ጥቂት ወር ቦታሽን ማን ይጠብቅልሻል? ደግሞ እኔስ? ስሜ ያለበት ሥራ ነው። አርብ የድሮውን ዛፍ ታቀርቢያለሽ። ካልሆነ ከጎንሽ አታገኚኝም።»

የዛች ቀን ንዴት ከረቡዑ ይለያል። የረቡዑ ይጮሃል፤ ይህኛው ዝም አለ። እንዲህ ብዬ አሰብኩ፦ ጨው የሞላብኝን ሰው በሕዝብ ፊት ውሸታም ብዬዋለሁ። እሱ የዋሸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ሲጠየቅም አምኗል። አርብ የድሮውን ዛፍ ባሳይ እኔ ምን ልባል ነው?

አርብ ሦስት ዶክተሮች ፊት ቆምኩ። አማካሪዬ ጥግ ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ስለ ቀይ ባሕር ተናገርኩ፣ ስለ አሠራሩ ተናገርኩ፣ ከዚያ ሁለቱን ዛፎች ጎን ለጎን ግድግዳው ላይ አበራሁ።

«ይህ ዓሣ ሁለት ቦታ ላይ ተገኝቷል» አልኩ። «ዓሣው አላጠፋም። ሦስተኛው ቁራጭ የቆሮሶ ነው። ቤቴ ውስጥ ቆሮሶ በበለትኩበት መቀስ ናሙናውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ጽሑፉ እንደተጻፈ ትክክል አይደለም።»

ሰብሳቢው ብዕሩን አስቀመጠ። «ይህን እንዴት ደረስሽበት?»

«ስህተቱን ያየሁት እኔ ነኝ። ከየት እንደመጣ እንዳውቅ ያደረጉኝ ግን ዳንግላ ያሉ አንድ ባለ ሱቅ ናቸው። አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ።»

ሣቁ። ሦስቱም ሣቁ። ጽሑፌ እጃቸው ላይ አንድ ወር ቆይቷል፤ የጫፎቹ አለመግጠም በገጹ ላይ አፍጥጦ አለ፤ አንዳቸውም አላነሡትም። ሐጂ ኢብራሂም ግን ስኳር እየተመዘነ፣ ደንበኛ እያስተናገዱ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር አገኙት። እነሱ ደግሞ ይሥቃሉ። «የሚያስቅ ነገር አልነገርኩም» አልኩ፤ ሣቁ ቆመ።

አማካሪዬ ተነሣ። ተማሪዋ ሳታማክረው እንደሠራች፣ እሱም ዛሬ ገና እንደሰማ ለኮሚቴው ተናገረ። ከዚያ ተቀመጠ። ወደ እሱ ብዙር ከዚያ በኋላ የምናገረው ስለ ዓሣው አይሆንም ነበር። ኮሚቴው ሥራው እንዲደገም ወሰነ። የመምህርነቱ ቦታ በወሩ መጨረሻ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

በቀጣዩ የገበያ ቀን ዳንግላ ሄድኩ። ሱቁ እንዲሞላ አውቄ ነው፤ የሰደብኩት በሰው ፊት ነውና። ሐጂ ሲያዩኝ ወንበር ሳቡልኝ። አልተቀመጥኩም።

«ሐጂ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁ። ጨዉ ደህና ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በገዛ መቀሴ ነው።»

«የሰደብሽው እኔን አይደለም፣ ልጄ» አሉ። «እሱን ነው። እሱ ደግሞ መንገድ ላይ ነው።» ስልካቸውን አውጥተው ደወሉና ድምፁን ከፍ አድርገው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት።

ጀማል አነሣ። የመኪናው ሞተር ይሰማል፣ ድምፁ ይቆራረጣል። ባንኮኒው ላይ ጎንበስ አልኩ። ሰዎቹ ቅቤም ሽንኩርትም ይዘው ቆመዋል።

«ጀማል፣ ስመኝ ነኝ። ሱቅ ውስጥ ነኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። ያን ቀን ያልኩህ ሁሉ ስህተት ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ያንተ ጨው ሥጋውን አቆይቶልኛል። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ማርሽ ሲቀይር ተሰማኝ።

«እኔም መዋሸት አልነበረብኝም» አለ። «አልይዝም ብልሽ ይሻል ነበር። አላህ ይቅር ይበለን፣ አለቀ።» ትንሽ ቆይቶ «ግን እሱ ሐሙር» አለ፣ «የማን ዘመድ ሆኖ ተገኘ?»

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ልቁም። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ባሕር የለንም ያሉኝ አልጠየቁም፣ መቼ ትጨርሺያለሽ ያሉኝ አልጠየቁም፣ አማካሪዬ የት እንደሚታተም እንጂ ምን እንደሚል አልጠየቀኝም። እኔም ራሴ ካለፉት ወራት በአንዱ ላይ መጠየቅ አቁሜ ነበር፤ የማስበው ስለ ቦታው ነበር። ሰው ፊት ስድብ ያከናነብኩት ሾፌር፣ በረሃ ላይ መኪና እየነዳ፣ ዝምድናውን ይጠይቀኛል።

«አላውቅም» አልኩት። «እንደገና እየሠራሁት ነው።»

«እሺ፣ ስታውቂ ንገሪኝ። በየጉዞዬ ወደቡ ላይ በዘመዶቹ አጠገብ ነው የማልፈው» አለና ስልኩ ተቋረጠ።

ቁጣዬ እንደለቀቀኝ ብነግራችሁ ውሸት ይሆናል። አማካሪዬን መንገድ ላይ ሳየው ዛሬም ጥርሴ ይጋጠማል። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ ስቆጣ መጀመሪያ ቁጣዬ በትክክለኛው ሰው በር ላይ መቆሙን አያለሁ። ያ በር ከበላዬ ያለ ሰው በር ከሆነና ከፈራሁት፣ ሄጄ የበታቼን በር አላንኳኳም። እናንተም ቢሮ ውስጥ ዝም ብላችሁ ቤት ገብታችሁ የምትጮኹ ከሆነ፣ ያን ቀን የሱቁ ሰው ጀማልን እንዴት እንዳየው ብታዩ ኖሮ ትተዉት ነበር።

ጥሊሊ ተመልሼ እያስተማርኩ፣ ቅዳሜና እሑድ እንጅባራ እየወጣሁ፣ አዲስ መቀስ ገዝቼ ሦስተኛውን ቁራጭ ከጀማል ጨው ውስጥ ከቀረው ሥጋ ሠራሁት። ጫፎቹ ገጠሙ። ዘጠኝ ወር ፈጀ። ዓሣዬ ከቆሮሶ እጅግ ይርቃል፤ የሚቀርበው ጀርባው ላይ መርዛማ እሾህ ላለው የባሕር ዓሣ ነው፤ መልካቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ዛፉ የወጣልኝ ከሰዓት በኋላ ነው። ለኮሚቴው የላክሁት በማግሥቱ ነበር፤ ዛፉ በወጣባት ሰዓት የደወልኩት ግን ለጀማል ነው።